ርስቷን የወሰደ ሕግ፣ ርስቷን የመለሰ ሕግ

በደቡብ ወሎ በቦረና፣ በሳይንት ወይም በለጋምቦ ደጋ መሬት ያለው ቤተሰብ በሣጥን ሸሽጎ የሚያኖረው አንድ ደብተር አለ። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ይባላል። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም ተጽፎበታል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። ባል ብቻውን ሄዶ መሬቱን ላከራይ ቢል የሚስቱ ስምምነት ይጠየቃል። ትዳሩ ቢፈርስ ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ ምስክር ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው «አሁን ገና ለሴቷ ቀን ወጣላት» ሊል ይችላል። ነገር ግን የዚህች ሴት ቅድመ አያት ርስት ነበራት። በራሷ ስም የምትጠይቀው፣ ከአባቷም ከእናቷም ወገን የወረደላት ርስት ነበር። ከቅድመ አያቲቱ እስከ ደብተሩ ባለው ጊዜ ሥልጡን የተባለ ሕግ መጥቶ የባለርስቷን ቦታ ሸርሽሮታል። የሴቶችን የሕግ ታሪክ ከጨለማ ወደ ብርሃን እንደሚወጣ አንድ ቀጥ ያለ ዳገት አድርጎ የሚነግረን ሁሉ ይህን መሃል ይዘለዋል። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በዚያ በተዘለለው መሃል ላይ ነው፤ የጠፋውን ለመመለስ ጄኔቫና ኒው ዮርክ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ምን ድርሻ እንደነበራቸውም ያያል።

በልጅ ስም መግዛት

ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ አባይን ተሻግሮ በጎጃም በኩል መርጡለ ማርያም ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እቴጌ እሌኒ ናት። ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ ሞግዚት ሆና አገሩን የመራችውም እሷ ነበረች። የኦቶማን ኃይል በቀይ ባሕር ሲበረታ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች፤ ማቴዎስም እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ኢትዮጵያ ከፖርቱጋል ጋር ያደረገችው የወዳጅነት ግንኙነት ሐሳብ የወጣው ከአንዲት ሴት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአባይ ወዲህም በወሎ የወረሂመኖ ገዥ ቤት እንዲህ ያሉ ሴቶችን አፍርቷል። የኢማም ሊበን ልጅ መነን የራስ ዓሊ እናት ነበረች። በጎንደር እቴጌ ተብላ ደምቢያን ገዛች፣ ጦር አስከትታም በ1839 ዓ.ም. ከደጃች ካሣ፣ ከኋላው ዓፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግታ ተማረከች። ከሷ በኋላ ወርቂትና መስተዋት የሚባሉ ሁለት ሴቶች የወሎን አገዛዝ ተፎካከሩ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ እስር ከመቅደላ ሲያመልጥ የገባው ወርቂት አገር ነው። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበር፤ በዚያው ሰበብ ተገደለ፣ ምኒልክም አልፎ ሸዋ ገባ።

እነዚህ ሴቶች የያዙት ሥልጣን እውነተኛ ነው፤ ጦር አዝምተዋል፣ ግብር አስገብረዋል፣ ውል ተዋውለዋል። ግን የሁሉም ሥልጣን በልጅ፣ በልጅ ልጅ ወይም በእንጀራ ልጅ ስም የተያዘ ነበር። ልጁ ሲያድግ ወይም ሲሞት ወንበሩ ይነቃነቃል። ለሴት ተብሎ የተበጀ፣ አንዷ ስትወርድ ሌላዋ የምትተካበት የሹመት ቦታ አልነበረም። ብርታቷ የራሷ ነበር፤ ሕጋዊ ማዕረጉ ግን የብድር ነው።

ተራዋ ባላገር ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እሷ ጦር የላትም፣ ግን በራሷ ስም የምትጠይቀው ርስት አላት። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወርዳል፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል የአቅኚው አባት ዘር ናት። አላን ሆበን የተባለው ተመራማሪ በዳሞት ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነው። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚም የበጌምድርን የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሰነዶች ሲመረምር ርስት የሚገዙ፣ የሚሸጡና ስለ ርስት የሚሟገቱ ሴቶችን አግኝቷል። በሰማንያ ጋብቻም ሁለቱ ወገኖች ከብትና ንብረት አስቆጥረው ስለሚጋቡ፣ ሲፋቱ ሽማግሌ ፊት እየቆጠሩ መካፈል የታወቀ ደንብ ነበር። የወሎ ሙስሊም ሴት በሸሪዓው ስሌት የወንድሟን ግማሽ ትወርሳለች፤ ባሏ የሰጣት መህር ግን የራሷ ነው።

ይህን ስናወሳ ጥንቱን ማስጌጥ የለብንም። ሙሽራ የምትሄደው ባሏ ወዳለበት አገር ነው፤ ሁለት ቀን መንገድ ርቆ የቀረ ርስት ደግሞ ወንድም እጅ መቅረቱ አይቀርም። በሬ የሚጠምደው ወንድ ስለሆነ ብቻዋን የቀረች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቱን ግማሽ ትጠብቃለች። ዳኛው፣ ጭቃ ሹሙ፣ ሽማግሌው ሁሉም ወንዶች ናቸው። «በርስትና በሚስት ዋዛ የለም» የሚለው ተረትም ሲነገር የቆየው ሚስትን ከርስት ጎን አስቀምጦ ነው፤ ሚስቲቱ ራሷ ባለርስት መሆኗ ተናጋሪውን አይታየውም። እንዲያም ሆኖ መብቱ የራሷ ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» ብላ ልታስቆም፣ ልትሟገትበት ትችላለች።

ንግሥት ያላት አገር ጄኔቫ ሄደች

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። በዙፋኑ ላይ የነበረችው ንግሥት ዘውዲቱ ናት። የማኅበሩ የቃል ኪዳን ሰነድ በ7ኛው አንቀጹ በማኅበሩ ሥር ያለ ማንኛውም ሥራ ለወንድም ለሴትም እኩል ክፍት ነው ይል ነበር። ለጊዜው ትልቅ ቃል ነው። ጄኔቫ ያለው ጽሕፈት ቤት ግን በሴት ታይፒስቶችና ጸሐፊዎች ተሞልቶ፣ የሥራ ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሴት እንግሊዛዊቷ ሬቸል ክራውዲ ብቻ ነበረች።

አዲስ አበባም ከጄኔቫ የተለየ አልነበረም። ዘውዱ የዘውዲቱ ነው፤ የውጭ ጉዳዩንና የዕለቱን አስተዳደር የያዘው ግን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበር። ስሟ በማኅተሙ ላይ ነው፤ ውሳኔው ሌላ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። በዓለም አቀፍ ተቋማት ውስጥ የሴቶችን ቦታ የሚያጠና ሰው ይህን ክፍተት ደጋግሞ ያገኘዋል፤ መብቱ በሰነዱ ገብቶ፣ ሰነዱ የሚተረጎምበት ክፍል ግን ለሴት ዝግ ሆኖ።

«የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው»

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ሥራው ሰፊና የተደነቀ ነው፤ እስከ ዛሬም ውላችንንና ውርሳችንን በብዙ ነገር ይገዛል። የጋብቻው ክፍል ግን የዚያን ጊዜ አውሮፓዊ ባልን ይዞ መጣ። አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው አለ፤ በሕጋዊ ነገር ሁሉ ሚስት ትእዛዙን እንድትፈጽም አስገደደ። መኖሪያ የሚመርጠው ባል፣ ከሚስት የሥራ ገቢ በቀር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም ባል ሆነ። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ተባለ። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣው የወንጀል ሕግም ጠልፎ የደፈረ ሰው ቆይቶ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር።

የሚገርመው ጊዜው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጥቷል። በ1950 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የሕዝብ ምክር ቤት በጣሊያን ወረራ ዘመን አዚናራ ደሴት የታሰረችው አርበኛና መምህርት ስንዱ ገብሩ ገብታለች። አገሪቱ ሴትን በፓርላማ ባስቀመጠች በሁለት ዓመቷ ቤቷ ውስጥ የባሏን ትእዛዝ ፈጻሚ አደረገቻት።

እርግጥ ይህ የሕግ መጽሐፍ ያኔ ቦረና አልደረሰም ማለት ይቻላል፤ የገጠሩ ሰው የሚዳኘው በሽማግሌውና በቃዲው ነበር። ሐሳቡ ግን ከመጽሐፉ ቀድሞ ደረሰ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ አዋጅ ቁጥር 31 መሬት በፆታ ልዩነት ሳይደረግ ለሚያርስ ሁሉ እንዲታደል አዘዘ። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ግን የተሞላው በአባወራ ነው። ብቻዋን የምትኖር እማወራ በስሟ ድርሻ ታገኛለች፤ ባለትዳሯ ግን ከልጆቹ ጋር ከባሏ ስም ሥር ተቆጠረች። ርስት በአዋጅ ሲቀር በአባትም በእናትም የመውረስ ደንቡ አብሮ ቀረ። ባለትዳሯ ስትፈታ እንደ ድሮው «የአባቴ፣ የእናቴ» ብላ የምትጠይቀው መሬት የላትም፤ በአዲሱ መዝገብም ስሟ የለም። ማንም ሊነጥቃት አስቦ ያደረገው አይደለም። መዝገቡን የሞሉት ሰዎች አጠገብ ሴት ስላልነበረች ጥያቄው ሳይነሳ ቀረ።

ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ አንቀጽ 35

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በሰኔ 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ሲፈረም ኢትዮጵያም ፈርማለች። ከ50 አገሮች በመጡት ልዑካን መካከል ፊርማቸውን ያኖሩት ሴቶች 4 ናቸው። የብራዚሏ በርታ ሉትስና የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሚነርቫ በርናርዲኖ «ሴቶች» የሚለው ቃል በግልጽ እንዲገባ የተከራከሩት እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕንዳዊቷ ሃንሳ መህታ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ «ወንዶች ሁሉ» ብሎ እንዳይጀምር፣ «ሰዎች ሁሉ» እንዲል አድርጋለች። እነዚህ ሴቶች በዚያ ክፍል ባይቀመጡ ኖሮ ጽሑፉ ሌላ ይሆን ነበር።

በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት የሚያስወግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1979 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ1973 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተቀበለችው። ስምምነቱ ግን አንቀጽ 635ን አልነካውም። የኢትዮጵያ ሚስት በኒው ዮርክ ሰነድ ከባሏ እኩል፣ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ግን ታዛዥ ሆና ወደ 20 ዓመት ኖረች።

ሁለቱን ያገናኙት ኢትዮጵያውያን የሕግ ባለሙያ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ መዓዛ አሸናፊ የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ነበሩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል አደረገ፤ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን ጨምሮ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የማስተላለፍና እኩል የመውረስ መብት እንዳላቸው ደነገገ። ወዲያው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ፣ ፍርድ ቤት ይቆም፣ ሕግ እንዲሻሻል ይወተውት ጀመር። ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ የአርሲዋን አበራሽ በቀለን ወክሎ ተከራክሮ ነፃ ያስወጣትም ይኸው ማኅበር ነው፤ ታሪኩ ቆይቶ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆኗል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የባልን አለቅነት ሻረ፤ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ፍቺን ከቤተ ዘመድ ዳኞች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ጠላፊውን በጋብቻ የሚያድነውን በር ዘጋ። ይሁንና የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን በመሆኑ የፌዴራሉ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነበር። የመካነ ሰላሟ ሚስት የባሕር ዳሩ ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 79/1995ን እስኪያወጣ 3 ዓመት መጠበቅ ነበረባት። ኒው ዮርክ የተነገረው ቃል ለእሷ የደረሰው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር አልፎ፣ በየቦታው እየቆመ ነው።

ሁለት ፎቶግራፍ

የመሬት ማረጋገጫ መስጠት የጀመረችው ትግራይ ናት፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ። የመጀመሪያው ወረቀት ግን የሚይዘው የአንድ ሰው ስም ነበር፣ የቤቱን አለቃ። አማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 46/1992ን አውጥቶ ሥራውን ሲጀምር ሌላ መንገድ መረጠ። የስዊድን የልማት ተቋም ሲዳ በሚደግፋቸው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ ሙከራው ተጀመረ፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ሁሉ ሰፋ። ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ በገመድ እየለካ፣ ወሰንተኞችን እያቆመ መዘገበ፤ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲናገር በሕዝብ ፊት ቀረበ። በደብተሩም የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ገባ። አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም 252/2009 ይህን አጠናከሩት።

የሁለቱ ክልሎች ልዩነት ለዚህ ምዕራፍ ዋና ማስረጃ ነው። ሁለቱም በአንድ ሕገ መንግሥት፣ በአንድ አንቀጽ 35 ሥር ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከቅጹ ነው፤ አንዱ ቅጽ አንድ መስመር፣ ሌላው ሁለት መስመር ነበረው። ታላቁ መብት በመጨረሻ የሚያርፈው ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ባሰመረው መስመር ላይ ነው። ለዚያች መስመር ዓለም አቀፍ ገንዘብ ረድቷል፤ የክልል ሕግ አውጪ ፈቅዷል፤ የቀበሌ ኮሚቴ አስፈጽሟል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መስመሯ ባዶ ትቀር ነበር።

ደብተሩም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። በሬ አሁንም የሚጠምደው ወንድ ነው፤ የፈታችው ሴት ግማሽ መሬቷን ብታገኝም አራሽ ትለምናለች። ሽማግሌዎች «ልጆችሽን አስቢ» ሲሏት መብቷን ለማስታረቂያ ልትተው ትችላለች። ሁለተኛ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ስሟን የምታስገባበት ቦታ ላታገኝ ትችላለች። የሸሪዓ ፍርድ ቤትን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ የተከራካሪዎችን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባል በመረጠውና ዘመድ በተሰበሰበበት ቦታ «አልስማማም» ማለት ግን ለብዙዋ ሴት ቀላል አይደለም።

ላይኛው ወንበር

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተበት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንዲት ሴት ዋና ጸሐፊ አላየም። ተተኪው ኅብረት ከኮሚሽነሮቹ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ሲወስን ነገሩ ተለወጠ፤ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሆኑ። ቬራ ሶንግዌም እ.ኤ.አ. በ2017 የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ሴት ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በተባበሩት መንግሥታት ግን ከትሪግቬ ሊ እስከ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ 9ኙም ዋና ጸሐፊዎች ወንዶች ናቸው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም የመጀመሪያዋን ሴት ቋሚ ዳኛ ሮዛሊን ሂጊንስን ያገኘው ወደ 50 ዓመት ከሠራ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያውያትም በዚህ ሰልፍ ውስጥ አሉ። ሣህለወርቅ ዘውዴ በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። መስከረም ገሰት ተጫነ የተባሉት የሕግ ባለሙያ በሴቶችና ልጃገረዶች ላይ የሚደረግን ልዩነት በሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን አባል ሆነው ሠርተዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሣህለወርቅ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ከካቢኔው ግማሹም ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ሦስቱም በእነዚያ ወንበሮች ላይ የሉም።

ላይኛው ወንበር ብቻውን እንደማይበቃ ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። የመጀመሪያው የማፑቶ ፕሮቶኮል ነው። የአፍሪካ ሴቶች መብት ሰነድ የሆነው ይህ ፕሮቶኮል በ1995 ዓ.ም. ጸድቆ፣ የኅብረቱ መቀመጫ የሆነችው ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያውም አንዳንድ ድንጋጌዎቹን በተዓቅቦ። ሁለተኛው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ሲከለክል የሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ማኅበር ክፉኛ ጎዳው። አንቀጽ 35 አንድ ቃል ሳይጎድለው ቆሞ፣ አንቀጹን ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ ግን ቀነሰ። አዋጁ የተተካው በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 ነው።

የሚቀጥለው ፈተና

የርስቱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። መብት በክፋት ብቻ አይጠፋም፤ መሻሻል ሲመጣ የሚጎዳው ሰው በክፍሉ ውስጥ ከሌለም ይጠፋል። የ1952ቱ አርቃቂዎችና የ1967ቱ መዝጋቢዎች አገር እናሳድጋለን ብለው ነበር።

አሁንም ሌላ መሻሻል እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 የመሬት መጠቀሚያ መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያና በሬ የሚገዛበት ገንዘብ ያገኛል። ነገር ግን ብድሩ ሲበላሽ የሚያዘው የሁለቱም ይዞታ ነው። ሚስቲቱ ፈርማለች ሲባል ውሉ ተነብቦላት፣ ወለዱ ተነግሯት፣ እምቢ ማለት እንደምትችል አውቃ ነው ወይስ ባሏ «እዚህ ጋ ጣትሽን አኑሪ» ብሏት? ከተማ ሲሰፋ ለሚወሰድ መሬት የሚከፈለው ካሳም ያው ነው፤ መሬት ለሁለት ይከፈላል፣ በአንድ ሰው የባንክ ደብተር የገባ ገንዘብ ግን በአንድ ገበያ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

መልሱን የሚሰጡት የብድር ተቋሙ ሠራተኛ፣ የወረዳው ዳኛ፣ ቃዲው፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከእነሱ መካከል ስንቶቹ ሴቶች ናቸው ብሎ መቁጠር፣ ቁጥሩንም በየዓመቱ መጠየቅ፣ አዲስ ስምምነት ከማስፈረም ያላነሰ የሕግ ሥራ ነው።